የትኛው ጆሮ ይሸፈን?

ደብረ ታቦር፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ኩዌት ላለችው እህቴ ለትርንጎ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ማዳምሽ ፊቷን ፈታችልሽ? እኛ ጋ ብርዱ ዘንድሮ ጠንክሯል፤ ጠዋት ጠዋት መዶሻ ስይዝ ጣቴ አይታዘዘኝም። ሥራ ግን አለ። ሁለት በርና አንድ ቁም ሳጥን ጨርሻለሁ። ገብሱ ደህና ገባ። ላሟ ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ባለቤቴ ዘርትሁን ሰላም ብላሻለች። መሪጌታ ጥላዬም በጸሎት እንደማስባት ንገራት ብለውኛል። የጣሪያውን ቆርቆሮ በላክሽው አድሼዋለሁ፤ አሁን አያፈስም።

በእብናቷ ልጅ እጅ የላክሽው ወረቀት በጥምቀት ማግስት ደረሰኝ። ልጅሽን ለምን ስልክ ላይ እንደማላቀርብልሽ ጠይቀሻል። ኔትወርኩ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ይኼ አንዱ ምክንያት ነው።

ሌላው ምክንያት ይኼ ነው፤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ፍሬሕይወት በሕይወት አለች። እዚህ ላይ ቁሚና ደግመሽ አንብቢው። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ስምሽን ትጠራለች። በገና ዕለት ከጋፋት በታች ባለው ሜዳ ጨዋታ ነበር። ሩሯ ጭንቅላቷን አገኘቻት። ከወይራ ሥር የተጠረበች ሩር ናት፤ በደህና ዱላ ስትመታ እንዴት እንደምትሄድ ታውቂያለሽ። ወደ ባሕር ዳር ይዘናት በረርን። ሐኪሞቹ ከፍተው የተሰባበረውን አጥንት አነሱላት። ቁስሉ ድኗል፣ ነገር ግን ጆሮ ግንዷ ጋ የመዳፌን ግማሽ በሚያህል ቦታ ላይ አጥንት የለም። ቆዳ ብቻ ነው። ስትቆም ገባ ይላል፣ ስታለቅስ ወጣ ይላል። እኔ ማየት አልችልም፤ የምታጥብላት ዘርትሁን ናት።

ከተከፈተች ስድስት ወር ሲሞላት ተመልሳ ስትሄድ ቦታውን ይሸፍኑላታል። እስከዚያ ግን እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር ቢመታት አትተርፍም ብለው በግልጽ ነግረውኛል። ደግሞም አንዳንዴ ይጥላታል። እየተጫወተች ዓይኗ ይዞርና እንደቆመች ትወድቃለች። ሐኪሙ «ሄልሜት አድርጉላት» አለ። ደብረ ታቦር ያለው የሞተረኛ ሄልሜት ነው። አንዱን ለመንኩና አደረግሁላት፤ አንገቷ አልችል ብሎ ከነሄልሜቱ ወደፊት ተደፋች። እህቴ፣ እዚያ አገር ለልጅ የሚሆን ቀላል ሄልሜት ካለ በምትወጅው ላኪልኝ። የራሷ ዙሪያ ከቅንድቧ በላይ ሃምሳ አንድ ተኩል ሳንቲም ነው። በሜትር ነው የለካሁት።

ማን እንደመታት አትጠይቂኝ። የገና ነው፤ በገና ሜዳ የደረሰ ነገር እንደማይከሰስ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ ዘመኑ


ኩዌት፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዘመኑ፣

ሰላምታህ ገጽ ሙሉ ነው። የላሟን መውለድ ከልጄ ጭንቅላት በፊት ነገርከኝ። የቆርቆሮውን ወሬ እያነበብኩ እየሳቅሁ ነበር፤ ማዳም «ምን አገኘሽ?» አለችኝ፣ ከዚያ የሆነውን አላስታውስም። ውሃ አምጥታ ፊቴን ያጠበችው እሷ ናት።

ልምጣ ብዬ ነበር። ውሌ እስከ መስከረም ነው፤ ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው። አሁን ሄጄ ምን አደርግላታለሁ፣ ባዶ እጄን? ከዚህ ሆኜ የምችለውን ላድርግ ብያለሁ። እጄ ሥራ ካላገኘ አብዳለሁ።

አሁን ስማኝ። የማዳም ትልቁ ልጅ በትምህርት ቤቱ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ ይጫወታል። የገና ዘመድ በለው፤ ዱላ አለ፣ ኳስ አለ። ልዩነቱ ኳሷ መሬት ለመሬት አትመጣም፤ አንዱ ይወረውራታል፣ ባለዱላው ቆሞ ይጠብቃታል። ወደ ፊቱ ስለምትመጣ ያለ ሄልሜት አያቆሙትም። ስንት ዓመት ያንን ሄልሜት ሳጥብ ከረምኩ፤ ላቡን እየረገምኩ፣ አንድ ቀን ይኼ ዕቃ ያስፈልገኛል ሳልል። እኛ ግን ለዚያች ለወይራ ሩር ልጆቻችንን በባዶ ራስ እናቆማለን።

ልጁን አስቀምጬ ሁሉን ጠየቅሁት። ደግ ልጅ ነው፣ አልሳቀብኝም። ውጭው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ስፖንጅ። ጫፉ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ላይ መቆም አለበት። ልጅቷ ራሷን ስትነቀንቅ አብሮ መነቅነቅ እንጂ ለብቻው መዞር የለበትም። አሮጌ ከሆነ ስፖንጁን በአውራ ጣት ይጫኑታል፤ ካልተመለሰ አይረባም። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ደግሞ ከውጭ ደህና ቢመስልም አይታመንም አለኝ። ይኼ አነጋገሩ ከልቤ አልወጣ ብሏል።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሁለቱንም ጆሮ ይሸፍናል። ሌላው አንድ ጆሮ ብቻ ሸፍኖ ሌላውን ክፍት ይተዋል። ስለዚህ የምጠይቅህን ሳትዘል መልስ፤ ትሰማለች ወይ? በሁለቱም? ቁስሏ በየት በኩል ነው? ሜትርህ ከነጸጉሯ ነው ወይስ ተላጭታ?

ማን መታት ስልህ የገና ነው ብለህ አትዝጋብኝ። ልከሰው አይደለም። ስሙን ባውቀው ቢያንስ የማስበው ሰው ይኖረኛል። አሁን የማስበው ሁሉንም ነው፤ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ በየተራ።

ትርንጎ


ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትርንጎ፤

ሰላምታህ ገጽ ሙሉ ነው ስላልሽኝ ሰላም ብዬ አልፌያለሁ።

ሜትሩ ተላጭታ ነው። አሁን ጸጉሯ ለጣት ያህል በቅሏል፤ ዘርትሁን ሹሩባ ልትሠራላት ነው ብላ ትለፈልፋለች፣ ቁስሉን ማሰብ ስለማትፈልግ ነው። ሃምሳ ሁለት በይው።

የምትሰማው በአንድ ጆሮዋ ነው። በቁስሉ በኩል ያለው ጆሮ ጠፍቷል፤ ይመለሳል ያለን ሐኪም የለም። ባለ ሁለት ጆሮውን አትላኪ። የሱፍ ቆብ ነበረኝ፣ ያ ጆሮ የሚሸፍነው፤ አደረግሁላት። «ጋሼ፣ ሁላችሁም ሄዳችሁ!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ ቆመናል እኮ። ደህናው ጆሮ ሲሸፈን ሰው ሁሉ ከቤት የወጣ ይመስላታል፣ ትንቀጠቀጣለች። ስለዚህ አንዱን ብቻ የሚሸፍነው ነው የሚሆናት። ቁስሉ በቀኝ ነው። ቀኙን የሚሸፍን፣ ግራውን የሚተው።

እስከዚያ ብዬ እኔም ሞክሬ ነበር። ትልቅ ቅል ፈልጌ ቆረጥኩ፣ ውስጡን ጥጥ አለበስኩት፣ ማሰሪያ አበጀሁለት። ቆንጆ ሆኖ ነበር፤ ጎረቤት እያየ ይስቅ ነበር፣ እሷም ትስቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጣላትና ቅሉ ከሁለት ተሰነጠቀ። እሷን እግዚአብሔር አተረፋት። ከዚያ ወዲህ ከቤት አላስወጣትም። ዘርትሁን ጣራ ገዳም ወስደን እናስጠምቃት ትላለች፤ እኔ የሰውን ግፊያ ፈራሁ። እናቷ ቢሆኑ እንዲህ አያስሯትም ነበር ብላኛለች።

የመታትን ሰው ጠይቀሻል። ሰውየው ሰላም የለውም፤ ይኼን ልነግርሽ እችላለሁ። መሪጌታ ጥላዬ ዘንድ ሄዶ «ሽማግሌ ይቀመጥልኝ፣ ካሳ ይቆረጥብኝ» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። እሳቸውም አነሱትና «ልጄ፣ የገና ሜዳ በደል የለበትም። ያልበደለን ሰው ከማን ጋር ነው የምናስታርቀው? ሂድ ሥራህን ሥራ» ብለው መለሱት። ሌሎቹም ሽማግሎች እንዲሁ አሉት። በርኖሳቸውን ጎትቶ «እባክዎ ይፍረዱብኝ» ሲላቸው አለቀሱ፣ ግን አልተቀመጡለትም። እንደዚያ ሆኖ ነው ያለው።

ሄልሜቱን አፍጥኝው። በቀን አሥር ጊዜ ከአናጢነቴ ተነሥቼ ቤት እገባለሁ፣ መውደቅ አለመውደቋን ላይ።

ዘመኑ


ኩዌት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እዚህ ጎረቤት ቤት የምትሠራው ዓለሚቱ ውሏን ጨርሳ አገሯ ልትገባ ነው፤ ይህን ወረቀትና ሄልሜቱን ይዛልሃለች። ከሻንጣዋ ሁለት ብርድ ልብስ አውጥታ ነው ቦታ የሰጠችኝ። ስታገኛት እግሯን ሳም።

እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርህ፣ ለማንም አልነገርኩትምና። ያንተ ወረቀት ከመድረሱ በፊት የማዳም ልጅ የራሱን አሮጌ ሄልሜት ሰጥቶኝ ነበር። ከትንሽነቱ የቀረ፣ ሰማያዊ፣ ለፍሬ ልክ የሆነ። ስፖንጁ ደህና፣ ምንም ያልተመታ። ባለ አንድ ጆሮ ነው። አልጋዬ ሥር አድርጌው ነበር የምተኛው። ያንተ ወረቀት መጣ፣ ቀኝ ይላል። የልጁ ግን ግራ ጆሮ ነው የሚሸፍነው።

ለምን ግራ ብቻ ሆነ ብዬ ተቆጣሁት፣ የሱ ጥፋት ይመስል። አስረዳኝ። በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው ሲቆም ግራ ጎኑ ወደ ወርዋሪው ነው፣ ኳሷ ብትስት ግራውን ነው የምታገኘው። ቀኙን የሚሸፍነው ለግራኞች ነው። ግራኝ ደግሞ እዚህም ጥቂት ነው። መለስኩለት። እያለቀስኩ መለስኩለት።

ከዚያ በየዓርቡ የጁምዓ ገበያ ወጣሁ። ያ ገበያ አሮጌ ነገር ሁሉ የሚጣልበት ሜዳ ነው። የሄልሜት ክምር አገኘሁና አንድ በአንድ እያነሣሁ ራሴ ላይ አደረግሁ። ግራ። ግራ። ሁለት ጆሮ። ግራ። አንዱ ቀኝ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ወደ ፀሐይ ባዞረው እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለበት፤ ሻጩ ቀለም ቀብቶበታል። ጣልኩት። ሌላ ቀኝ አገኘሁ፣ ስፖንጁ ድንጋይ ሆኗል። ሻጩ «አንቺ ሐኪም ነሽ ወይስ ሠራተኛ?» አለኝ። እናት ነኝ አልኩት። በአራተኛው ዓርብ ይኼን አገኘሁት። ጥቁር ነው፣ ቀኝ ነው፣ አውራ ጣቴን ብጫነው ስፖንጁ ይመለሳል። ልጁ በስልኩ መብራት ውስጡንና ውጭውን አይቶ «ይኼ ጥሩ ነው» አለኝ። የአገጭ ማሰሪያም አለው፤ አጥብቀህ እሰረው፣ ግን ጣት ያስገባ።

ስለ ሰውየው የጻፍከውን አሥር ጊዜ አነበብኩት። አሳዘነኝ። አልረግመውም በለው። ግን ስሙን ሳላውቅ ይቅር ልለው አልችልም፤ ይቅርታ ያለ ስም እንዴት ይላካል? ሻንጣ ውስጥ አይገባ።

ሄልሜቱን ስታደርግላት ምን እንዳለች ጻፍልኝ። ከዚህ ሁሉ የምፈልገው እሱን ነው።

ትርንጎ


ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ትርንጎ፤

ዓለሚቱ ትናንት መጣች። ሄልሜቱ ደረሰ። ልኩ ልክ ነው፣ ቀላል ነው፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ግን የሚሸፍነው ደህናውን ጆሮ ነው። ቁስሉ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ባደረግሁላት ጊዜ እንደ ሱፍ ቆቡ ቀን ጮኸች። አውልቄ ቁጭ አልኩ።

ቁስሉ በግራ ነው። በግራ! ቀኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዘርትሁን ወረቀቴን ባታየውም እኔው አየሁት፣ ያንቺን ስመልስ የያዝኩት ረቂቅ አለ፣ ቀኝ ይላል። እንዴት እንደጻፍኩት አላውቅም። አራት ዓርብ ያስለፋሁሽ በከንቱ ነው። ያ የልጁ ሰማያዊ ነበር የሷ። አልጋሽ ሥር የነበረው።

ባለፈው ሳምንት ጣላት። የወደቀችው በደህናው በኩል ነው፣ አጥሩ ላይ። በሌላው በኩል ቢሆን ኖሮ ይህ ወረቀት የመርዶ ነበር። እባክሽ ልጁን ለምኝው፣ ሰማያዊውን ላኪልኝ። ዳግመኛ አልሳሳትም። ግራ ነው፣ ግራ ነው፣ ግራ ነው።

ዘመኑ


ኩዌት፣ ግንቦት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዘመኑ፣

አንተ አናጢ ነህ። በሕይወትህ ስንት በር ሰቅለሃል? አንድም ቀን ቀኝ የሚከፈተውን ግራ አድርገህ ሰቅለህ ታውቃለህ? አባባ ገና ልጅ ሳለህ በዚህ ይኮሩብህ ነበር። ያንተ እጅ ቀኝና ግራ አይሳሳትም።

ወረቀትህን ይዤ የማዳም ትንሿ ልጅ ፊት ቆምኩ። የሄልሜቱ ነገር እንዴት እንደተሳተ ላይ ብዬ ነው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ቀኝ እጄን ዘርግቼ ጆሮዋን ነካሁ። የነካሁት ግራ ጆሮዋን ነው። ገባኝ። ፊት ለፊት ያለ ሰው ግራው በኛ ቀኝ ነው። ቀኝ ብለህ ስትጽፍ በራስህ ቀኝ በኩል አይተሃት ነው። ፊቷን ወደ አንተ አዙራ።

ከዚያ ልተኛ አልቻልኩም፣ ሥራም አልሠራሁም። የገና ተመልካች የት ነው የሚቆመው? ከሜዳው ዳር፤ ፍሬም እዚያው ናት። ፊቱን ወዴት ያዞራል? ወደ ሜዳው። አንተም ከዳር ብትሆን ኖሮ ወይ ከጎኗ ወይ ከኋላዋ ነበር የምታያት። ፊቷን ያያት ሜዳው ውስጥ የነበረ ሰው ነው። የመታት ሰው መሪጌታ ጥላዬ ዘንድ ሲወድቅ ያሉትን ቃል በቃል ጻፍክልኝ፤ በርኖስ መጎተቱን ሳይቀር። ማን ነገረህ? በሦስት ወረቀት ስሙን ያልጠራኸው ለምንድን ነው? ከልጅነትህ ጀምሮ ገና ሳትጫወት የቀረህበት ዓመት አለ?

ሰላምታ አልፈልግም። ማብራሪያም አልፈልግም። አዎ ወይም አይደለም ብለህ ጻፍልኝ። ያችን ልጅ እጅህ ላይ ያስቀመጥኳት አባቷ ሲሞት ነው። አባት ሁናት ብዬህ ነው።

ሰማያዊውን ልጁ ለሌላ ሰጥቶታል። እንዲመልስልኝ እየለመንኩት ነው።

ትርንጎ


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

አዎ።

እኔ ነኝ። ሩሯንም የጠረብኳት እኔ ነኝ። ከወይራው ሥር መርጬ፣ አሸዋ ወረቀት አሽቼባት፣ እንዳትከፋፈል ቅቤ ቀብቼ። በመዳፌ ስይዛት ደስ ትለኝ ነበር። ፍሬ ነጠላዬን ይዛልኝ ከዳር ነበረች። ጎል ያገባን መስሏት ወደ እኔ ሮጠች፣ እየሳቀች። ሩሯ ከዱላዬ ወጥታ ነበር። የቀረውን አልጽፍልሽም፤ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የማየው እሱን ነው፣ አንቺ እንድታይው አልፈልግም።

ቤት ውስጥ ስሆን ጆሮዋን አልሳሳትም። ላናግራት ስፈልግ በደህናው በኩል ነው የምሄደው። ወረቀት ይዤ ቁስሏ የት ነው ብዬ ስጠይቅ ግን የምትታየኝ እዚያው ሜዳ ላይ ናት፣ ወደ እኔ ስትመጣ። ያልሽው ሁሉ ልክ ነው።

አንድ ሌላ ውሸት አለ። ኔትወርኩ በጾሙ መካከል ሁለት ቀን መጥቶ ነበር። ስልኬ ላይ ያንቺን ቁጥር አየሁት፤ ሰባት ጊዜ ጠራ። አላነሣሁትም። ድምፅሽን ሰምቼ መዋሸት ስለማልችል ነው። ወረቀት ላይ መዋሸት ይቀላል፤ ይኼን አላውቅም ነበር፣ አሁን አወቅሁት።

ልጅቱ ለማንም አልተናገረችም። ሐኪሞቹ «ማን መታሽ?» ሲሏት «ሩሯ» አለቻቸው። እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ጋሼ፣ አንተ ነህ» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሎቹ በደል የለብህም አሉኝ፣ እሷ ሩሯ ናት አለች፣ ዘርትሁን እግዜር ያመጣው ነው አለች። ሁሉም ለቀቁኝ። የተለቀቀ ሰው የት ይሄዳል? ወርክሾፑ ውስጥ ቆሜ እንጨት ላይ ቀኝ፣ ግራ እያልኩ እጽፋለሁ። አእምሮዬን የምስት ይመስለኛል።

አሁን የሄልሜቱን ልንገርሽ፣ ይኼን መስማት አለብሽ። ሰማያዊውን ስጠብቅ ጥቁሩን ሚስማር ላይ ሰቅዬው ነበር። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከሥራ ስገባ አድርጋዋለች። አልጮኸችም። ቀረብ ብዬ ባየው ከፊት መሆን ያለበት የፀሐይ መከለያው ከማጅራቷ በኩል ነው፤ ጀርባውን ወደ ፊት አዙራዋለች። ሲዞር ያ የቀኙ ጆሮ መሸፈኛ ግራው ላይ መጣ። ቁስሉ ተሸፍኗል፣ ደህናው ጆሮዋ ክፍት ነው። ሃያ ዓመት በር የሰቀልኩ ሰውዬ አንድ ወር ሙሉ ሳየው ከርሜ አልመጣልኝም። «ማን አሳየሽ?» አልኳት። «ማንም። አንተ ከፊት ከፊት ስለምታየኝ ነው የተሳሳትከው» አለችኝ። ከደጅ ወጥቼ ዘርትሁን እስክትጠራኝ ድረስ አልተመለስኩም።

የአገጩን ማሰሪያ ነቅዬ ገልብጬ ሰፋሁት፣ ከግንባሯ ላይ እንዳይነሣ ስፖንጅ ጨመርኩበት። ራሷን አስነቀነቅኋት፤ አብሮ ይነቀነቃል እንጂ አይዞርም። ከትናንት በስቲያ ጣላት። ደረጃው ላይ፣ በግራዋ። የፕላስቲኩን ድምፅ ከጓሮ ሰማሁት። ሮጬ ስደርስ ዓይኗን ገልጣ «አልተሰነጠቀም፣ እይው» አለችኝ። አልተሰነጠቀም።

ያ ሄልሜት ባይመጣ ዛሬ ልጅ አይኖርሽም ነበር። እኔም አልኖርም ነበር፤ ይኼን ለማስፈራራት አልጽፍም።

ቀጠሮዋ ሐምሌ 11 ነው፣ ባሕር ዳር። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። በእግርም ቢሆን አደርሳታለሁ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። የፈለግሽውን በይኝ። ብቻ ጻፊልኝ።

ዘመኑ


ኩዌት፣ ሰኔ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዘመኑ፣ እንደምን አለህ? ይህን የምጠይቅህ መልሱን ስለምፈልግ ነው።

አዎ ያልክበትን ወረቀት ካነበብኩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ረግሜሃለሁ፣ ሁለት ጊዜ መልሼ አንሥቼዋለሁ። ልብስ ማጠቢያው ሲጮህ አብሬው እጮሃለሁ፣ ማዳም አትሰማኝም። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው፤ አንተ እንዳልከው ወረቀት ላይ መዋሸት ይቀላልና አልጽፈውም። ምናልባት ስመጣ ፊትህን ሳይ ይመጣልኝ ይሆናል። መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ፤ ማዳም ፓስፖርቴን ሰጥታኛለች።

የመጨረሻውን ነገርህን ሰማሁት፣ አልኖርም ነበር ያልከውን። እንዳታስበው። ልጄን ከሁለት አባት አታጉድላት።

መሪጌታ ጥላዬ እውነታቸውን ነው። በገና ሜዳ በደል የለም፣ አባቶቻችን እንዲያ ብለውታል፣ እኔም አላፈርሰውም። ዱላህን አልጠይቅህም። አንተ የበደልከኝ ወረቀቱ ላይ ነው። አምስት ወር ዋሸኸኝ። አራት ዓርብ በጠራራ ፀሐይ ያዞረኝ፣ ልጄን አንድ ወር ራሷን ገልጣ ያስቀመጣት ዱላህ አይደለም፣ መደበቅህ ነው። እዚህ ላይ በደል አለ። ሽማግሌ ይቀመጥልኝ፣ ይፈረድብኝ ብለህ ስትለምን ከርመሃል። እነሱ ካልተቀመጡልህ እኔ ተቀምጫለሁ። ከማዳም ኩሽና፣ ወንበር ላይ፣ በባዶ እግሬ። ፍርዴን ስማ።

ካሳህ ይኼ ነው። ባሕር ዳር ስትሄዱ በመኪናው ውስጥ በግራዋ ተቀመጥ። ሐኪም ቤቱ ውስጥ በግራዋ ቁም። ገበያ ስትሄዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ፣ በግራዋ ሁን። የሚመጣው ነገር ሁሉ አንተን ሳያገኝ እሷን እንዳያገኝ። ያንን ቦታ እስኪሸፍኑላት ብቻ አይደለም፣ ጆሮዋ አይመለስምና እኔ እስክመጣ፣ ከመጣሁም በኋላ። ከፊቷ ቆመህ አትያት። ከጎኗ ስትቆም ግራዋ ግራህ ነው፣ አትሳሳትም።

ሰማያዊውን ልጁ መልሶልኛል፤ ከዚህ ወረቀት ጋር እየመጣ ነው። ጥቁሩ አንዴ ተመትቷልና ቦታውን እስኪሸፍኑላት ሰማያዊውን ታድርግ። ጥቁሩን ግን አትጣለው። እሷ ናት ያወቀችበት፣ ከዚያ በኋላ የትኛውን እንደምታደርግ እሷ ትምረጥ።

አንተ ደግሞ ባለፈው ወረቀትህ ሁሉን ነግረኸኝ አንዱን ሳትነግረኝ ቀረህ። ያ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጥጃ አደገ ወይ?

እህትህ ትርንጎ